የናፍጣ ፊልትሮ በስንት ይቀየር? ኪሎ ሜትር ብቻውን አይበቃም

«ፊልትሮ በስንት ኪሎ ሜትር ነው የሚቀየረው?» ብሎ ጋራዥ ውስጥ የጠየቀ ሰው፣ ሦስት መካኒክ ካለ ሦስት መልስ ይዞ ይወጣል። አንዱ 5,000 ይላል፣ ሌላው 10,000፣ የመኪናው መጽሐፍ ደግሞ 20,000 ወይም ከዚያ በላይ ይላል። አራተኛው መልስ የአንዳንድ ባለንብረቶች ነው፤ ዳገት ላይ እምቢ እስኪል ይጠብቃሉ። እሱን ተዉትና የቀሩት ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መኪናው ምን ዓይነት ነው፣ የት ይሠራል፣ ናፍጣውን ከየት ይቀዳል የሚለው ነው የሚለያያቸው።

ለቸኮለ ሰው ቁጥሩን ላስቀድም። ሜካኒካል ፖምፓ ያለው መኪና፣ ማለትም ዩሮ 2 የሆነው ሲኖትራክ 336 እና 371፣ አይሱዙ ኤንፒአር 71፣ የድሮዎቹ መርሴዲስና ፊያት፣ አስፋልት ላይ የሚሠራና ከማደያ የሚቀዳ ከሆነ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ሁለቱንም ፊልትሮ፣ ውሃ የሚለየውንም ከእሱ ቀጥሎ ያለውንም፣ ይቀይር። ኮንስትራክሽን ላይ ያለ ገልባጭ፣ የድንጋይ ካባ ውስጥ የሚውል ወይም ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳ ከሆነ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 250 ሰዓት፣ ቀድሞ የደረሰው ይያዛል። ኮመን ሬል ሞተር ያለው፣ ማለትም ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይዞ በኮምፒውተር የሚረጨው፣ ለምሳሌ ኤንፒአር 75፣ መጽሐፉ ያለውን ግማሽ አድርጉለት፤ 20,000 ካለ 10,000 ላይ። ውሃ የሚለየው የመጀመሪያው ፊልትሮ ግን በማንኛውም መኪና ከሞተር ዘይት ጋር አብሮ ቢቀየር ይሻላል። ብዙ የማይነዳ መኪናም ቢሆን ዓመት አይለፈው፤ ቆሞ የሚውል ናፍጣ ውሃ ይሰበስባል።

ይህን ያልኩት እንደ መነሻ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የሚነግራችሁ ከመኪናችሁ ላይ የወረደው አሮጌ ፊልትሮ ራሱ ነው፤ እሱን እንዴት እንደምታነቡት ወደታች እመለስበታለሁ።

ኪሎ ሜትር ለምን አይበቃም? ፊልትሮ የሚያውቀው ርቀት ሳይሆን ያለፈበትን ሊትር ነው። ጅቡቲ የሚመላለስ ተሳቢ በ100 ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ቢጠጣ፣ 10,000 ኪሎ ሜትር ላይ 4,500 ሊትር ናፍጣ በፊልትሮው አልፏል። በእርግጥ ከዚያም ይበልጣል፤ ፖምፓው ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ ስቦ ትርፉን ወደ ታንክ ይመልሳል። የአውሮፓው የናፍጣ ደረጃ ኢኤን 590 በአንድ ኪሎ ናፍጣ ውስጥ እስከ 24 ሚሊግራም ቆሻሻ ይፈቅዳል። እንግዲህ በዚያ ጥብቅ ደረጃ የተቀዳ ንጹሕ ናፍጣ እንኳ 4,500 ሊትር ላይ 90 ግራም ገደማ ቆሻሻ ይዞ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። የኛው ናፍጣ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ፣ ዴፖ ገብቶ፣ ማደያ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንዳንዴም በበርሜል ገጠር ደርሶ ነው ታንክ ውስጥ የሚገባው። በተገለበጠ ቁጥር አቧራና ዝገት ይጨምራል።

ገልባጩ ላይ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ጭራሽ ያታልላል። ሞተሩ ሳይጠፋ ወረፋ ይጠብቃል፣ ይጭናል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ይገለብጣል። በሰዓት በአማካይ 20 ኪሎ ሜትር ከሄደ 250 ሰዓት ማለት 5,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የሰዓት ቆጣሪ ካለው እሱን እዩ፤ ከሌለው የቀዳችሁትን ሊትር ጻፉ።

አሁን ፊልትሮው የሚጠብቀውን ነገር እንይ። የፖምፓው ፒስተንና ናፍጣውን ሞተር ውስጥ የሚረጨው የኖዝሉ መርፌ ከቤታቸው ጋር ያላቸው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ነው፤ የሰው ጸጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። በሜካኒካል ፖምፓ ኖዝሉ የሚከፈተው ከ200 ባር ባልራቀ ግፊት ነው። ኮመን ሬሉ እስከ 1,600 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ በዚያ ግፊት የሚወረወር የአሸዋ ብናኝ ብረት ይበላል። ለዚህ ነው በአሮጌው ሲኖ ላይ ስድስት ወር ይታገሥ የነበረ ስንፍና በአዲሱ ኮመን ሬል ላይ አራት ወይም ስድስት ኖዝል የሚያስቀይረው። ውሃውም እንደ አቧራው ክፉ ነው። ፖምፓው ቅባት የሚያገኘው ከሚያልፍበት ናፍጣ ብቻ ነው፤ ውሃ ሲገባ ቅባቱ ይቋረጣል፣ ብረት ከብረት ይፋቃል፣ መኪናው ሲያድር ደግሞ ይዝጋል።

ስለ ውሃ ትንሽ ልቆይ፤ ከፊልትሮ መቀየር ይልቅ ብዙ ፖምፓ የሚያተርፈው ይሄ ነው። አፋር ላይ ሲግል የዋለ ታንክ ማታ ደብረ ብርሃን ሲደርስ፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ በውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ላብ ይሆናል። ላቡ ወደ ታች ይወርዳል፣ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል። በውሃውና በናፍጣው ድንበር ላይ ደግሞ ሻጋታ ያድጋል፤ ጥቁር፣ ዝልግልግ ያለ፣ ፊልትሮውን በአንድ ቀን ሊደፍን የሚችል ነገር ነው። መፍትሔው ታንኩን ማታ ሞልቶ ማሳደር ነው። የነዳጅ ሌባ ባለበት ቦታ ይሄ ምክር ቀልድ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ቁልፍ ያለው ክዳንና ከአፉ በታች የሚገባ ወንፊት ግን ስርቆቱን ይቀንሳሉ።

ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት፣ ውሃው ሌሊቱን ተረጋግቶ ከሥር ባለበት ሰዓት፣ የውሃ መለያውን ቧንቧ ክፈቱ። ሲኖ ላይ በብዛት የሚገኘው ፒኤል 420 ከሥሩ ኩባያ፣ ከላዩ የእጅ ፖምፓ አለው። ቧንቧው ተከፍቶ ምንም አልወርድ ካለ ፊልትሮው ያለው በመሳቢያው መስመር ላይ ስለሆነ ነው፤ የእጅ ፖምፓውን ሁለት ሦስቴ ምቱት፣ ይወርዳል። የወረደውን መሬት ላይ አታፍስሱ፣ በብርጭቆ ተቀበሉት። በሳምንት ሁለት ሦስት ማንኪያ ውሃ የተለመደ ነው። በየቀኑ ግማሽ ብርጭቆ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ ፊልትሮው ጋ አይደለም፤ የምትቀዱበትን ማደያ ቀይሩ፣ የታንኩን የታች ብሎን ፈትታችሁ ዝቃጩን አውጡ።

ፊልትሮ መዘጋቱ የሚታወቀው ሜዳ ላይ አይደለም። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ጭነት ይዞ ሲወጣ ነው የሚናገረው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ደህና ይሠራል፣ ሲረገጥ ግን ይሳሳል፤ በሦስተኛ ይወጣ የነበረውን ዳገት ሁለተኛ ይጠይቃል። ሲብስ ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። አምስት ደቂቃ ቆሞ ሲነሳ ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ይደግመዋል።

ይህንን ከሌላ በሽታ የሚለየው ጭሱ ነው። አየር ፊልትሮ ከተዘጋ ወይም የተርቦ ጎማ ከተቀደደ መኪናው ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ናፍጣው አለ፣ አየሩ የለም። የናፍጣ ፊልትሮ ሲዘጋ ግን ጉልበት ይጠፋል፣ ጥቁር ጭስም የለም። መኪናው ቀዝቅዞ ደህና ተነስቶ ሲሞቅ ብቻ ማስነሳት የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ የተበላ ፖምፓን ጠርጥሩ፤ ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በተበላው ክፍተት ያመልጣል። ኮመን ሬል ላይ የቼክ መብራት በርቶ መመርመሪያው ፒ0087 ካለ የሬሉ ግፊት ወርዷል ማለት ነው፤ ፖምፓ ከመፍታት በፊት ፊልትሮው ይቀየር።

አዲስ ፊልትሮ ገብቶም ችግሩ ካልጠፋ ሦስት ነገር እዩ። የታንኩን ክዳን ክፈቱ፤ «ሽው» ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ከተሻለው የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ቀጥሎ ታንክ ውስጥ ያለው የመሳቢያ ቧንቧ ጫፍ ወንፊት አለው፤ እዚያ ላይ ጨርቅ፣ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ አንዳንዴም የጀሪካን ክዳን ተለጥፎ ይገኛል። ሦስተኛው የናፍጣ ጎማው ነው፤ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ተልጦ ሲሳብ ይጣበቃል።

ስለ መቀየሩ። ሞተሩ ይጥፋ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ኮመን ሬል ከሆነ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆይ። ታንኩ ከፊልትሮው ከፍ የሚል ከሆነ የመስመሩን ቫልቭ ዝጉ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል፤ የፊልትሮውን ራስና ዙሪያውን በብሩሽና በንጹሕ ናፍጣ እጠቡ፣ በአየር አድርቁ። ፊልትሮ ሲፈታ እዚያ ላይ ያለው ጭቃ የሚገባው ከማጣሪያው በኋላ ባለው ንጹሕ መስመር ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው የለም።

ከሥር ዕቃ አድርጋችሁ ውሃውን አውጡ፣ በፊልትሮ መፍቻ ፍቱት። የአሮጌው የጎማ ቀለበት ከፊልትሮው ጋር መውረዱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ራሱ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ በላዩ ከታሰረ፣ ሁለት ጎማ ሆኖ ናፍጣ አያፈስም ይሆናል፣ አየር ግን ይስባል፤ «አዲስ ፊልትሮ ገብቶም ጠዋት አይነሳም» የሚባለው ግማሹ ከዚህ ነው። ኩባያ ያለው ከሆነ ኩባያውን አጥባችሁ በአዲስ ኦሪንግ ወደ አዲሱ አዙሩት፣ የውሃ ጠቋሚው ሽቦ ካለው ሶኬቱን አትርሱ።

አዲሱን ፊልትሮ በናፍጣ ሞልቶ ማሰር የቆየ ልማድ ነው። ለቶሎ መነሳት ይጠቅማል፤ ግን በመሀከለኛው ቀዳዳ የሚፈሰው ናፍጣ ያልተጣራ ነው፣ በቀጥታ ወደ ፖምፓ ይሄዳል። በኮመን ሬል ላይ ይሄን በፍጹም አታድርጉ፤ ባዶውን እሰሩ፣ በእጅ ፖምፓ ሙሉት። በሜካኒካሉ ላይ ሞልተን እንሰር ካላችሁ ደግሞ የመሀሉን ቀዳዳ ከፍናችሁ ዙሪያ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ብቻ አፍስሱ።

ጎማውን በንጹሕ ናፍጣ ቀቡት፣ ግሪስ አይደለም። በእጅ አዙሩት፤ ጎማው ራሱን ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር በእጅ ጨምሩ፣ ወይም ፊልትሮው ላይ የተጻፈውን። መፍቻው ለመፍታት እንጂ ለማሰር አይደለም፤ በመፍቻ የታሰረ ፊልትሮ ጎማው ተጨምቆ ይቀደዳል፣ ሲቀየርም ቆርቆሮው ይጠመዘዛል።

አየሩን ለማውጣት በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ አላሉና የእጅ ፖምፓውን ምቱ። መጀመሪያ አረፋ፣ ከዚያ አረፋ የተቀላቀለበት ናፍጣ፣ በመጨረሻ ንጹሕ ናፍጣ ይወጣል። ብሎኑን የምታጠብቁት ናፍጣው እየወጣ እያለ ነው፤ እጃችሁን ከፖምፓው አንስታችሁ ካጠበቃችሁ አየር መልሶ ይገባል። ከዚያ ፖምፓው እስኪጠነክር ምቱ። ሜካኒካል ከሆነ በትልቁ ፖምፓ ላይ ባለው ብሎን ድገሙት። የፈታችሁት ብሎን የመዳብ ሮንዴላ ካለው አዲስ አድርጉለት። ለማስነሳት ከ15 ሰከንድ በላይ አትያዙት፣ በመሀል ሁለት ደቂቃ አሳርፉት፤ ሞተሪኖው ይቃጠላል። እምቢ ካለ በሜካኒካሉ ላይ የአንድ ወይም የሁለት ኖዝል ቧንቧ ዳዶ ላልቶ ሞተሩን በሞተሪኖ እያዞሩ አየሩን ማውጣት ይቻላል። በኮመን ሬል ላይ ይህ ነገር አይነካም፤ በዚያ ግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ጉዳት ነው።

ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ በመካከለኛ ዙር ይሥራ፣ ዙሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና ፍሳሽ ፈልጉ። ፊልትሮው ላይ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በማርከር ጻፉ። ሹፌር ሲቀየር ከደብተር ይልቅ ይሄ ይነበባል።

አሮጌውን ቆሻሻ ውስጥ ከመጣላችሁ በፊት ክፈቱት። በብረት መጋዝ አትቁረጡ፣ የመጋዙ ብናኝ ወረቀቱ ላይ ይሆንና ያሳስታችኋል፤ በቧንቧ መቁረጫ ወይም በጠንካራ መቀስ ቆርቆሮውን ክፈቱ። ወረቀቱን አውጥታችሁ ነጭ ሰሃን ላይ ዘርጉ። ጥቁር ሆኖ እጥፋቱ ገና ክፍት ከሆነ ደህና ነው፣ ናፍጣ በባሕርዩ ያጠቁራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ 2,000 ኪሎ ሜትር መጨመር ትችላላችሁ። እጥፋቶቹ ተጣብቀው ወደ ውስጥ ከተሰበሰቡ ዘግይታችኋል፣ ቁጥሩን በሲሶ ቀንሱ። ቡናማ ዱቄት ዝገት ነው፤ ታንኩ ይታጠብ። ዝልግልግ ያለው ሻጋታ ነው፤ ታንኩ ውሃ አለበት። በባትሪ ብርሃን ሲታይ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ከተገኘ ደግሞ ፖምፓው ራሱን እየበላ ነውና ኖዝሎቹን ሳይጨርስ ይፈተሽ። ሁለት ሦስት ቅያሪ በዚህ መንገድ ከታየ የመኪናው ትክክለኛ ቁጥር ይገኛል፤ የእኔን ቁጥር ያን ጊዜ መጣል ትችላላችሁ።

ቶሎ ቶሎ መቀየርም ጥቅም ብቻ አይደለም። ፊልትሮ ትንሽ ሲሠራ የያዘው ቆሻሻ ራሱ ማጣራት ይጀምራል፤ በጣም አዲሱ ፊልትሮ በጣም አጣሪው አይደለም። በዚያ ላይ መስመሩ በተከፈተ ቁጥር አቧራ የመግባት ዕድል አለ። በየ2,000ው የሚቀይር ሰው ገንዘቡን ለውሃ መለያው ቢያውለው ይሻለዋል።

በአየር ነፍቶ ወይም በቤንዚን አጥቦ መመለስ ግን አይሆንም። የድሮ መርሴዲሶች የመጀመሪያው ቤታቸው የሚታጠብ ፈልት (የተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ) ነበረው፣ ልማዱ ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። ወረቀት ግን በአየር ሲመታ ይቀደዳል፣ ቆሻሻውም ወደ ንጹሑ በኩል ያልፋል። ጉልበቱ የሚመለሰውም ስለተቀደደ ነው።

ሲገዛም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ አንድ ዓይነት ካርቶን ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕቃ አለ። በእጅ መዝኑት፣ አስመሳዩ ይቀላል። በቀዳዳው አጮልቃችሁ እዩ፤ እጥፋቱ የሳሳ፣ ሙጫው የተዝረከረከ፣ የመሀሉ ቧንቧ የተጣመመ ከሆነ መልሱት። የፕላስቲክ ሽፋኑ የተቀደደ አትግዙ። ጎማው ልክ ስለሆነ ብቻ የሌላ ሞተር ፊልትሮ አትሰሩ፤ ጥርሱ ይገጥማል፣ የወረቀቱ የማጣራት ልክ ግን ለዚያ ፖምፓ ላይሆን ይችላል።

ናፍጣውን መፈተሽ ቀላል ነው። አንድ ሊትር በንጹሕ ሃይላንድ ቀድታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ከሥሩ ውሃ ካለ ይለያል፤ ሙሉ በሙሉ ደመና ከመሰለ ውሃው ተቀላቅሏል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ግን ይህም ሆነ ፊልትሮው አይይዝም፤ ተዋሕዶ ያልፋል፣ ቅባቱን ይቀንሳል፣ ፖምፓ ይበላል። ቦቴ እያራገፈ ያለ ማደያ ካገኛችሁ እለፉት፣ ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠው ዝቃጭ በዚያ ሰዓት ተነስቷል። ከጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ ይረጋጋ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጣት አትገልብጡ። ቢጫው የምግብ ዘይት ጀሪካን በደንብ ካልታጠበ የቀረው ዘይት ፊልትሮ ላይ ይለጠፋል። ረዳቱም የታንኩን አፍ ወንፊት «ቶሎ እንዲሞላ» ብሎ አውጥቶት እንደሆነ ጠይቁት።

አሜሪካ ትራክ ለምትነዱ ወገኖች ሒሳቡ ሌላ ነው። ናፍጣው የተሻለ ንጹሕ ስለሆነ የሞተሩን መጽሐፍ ተከተሉ። የእናንተ ጠላት ክረምቱ ነው፤ ብርዱ ሲጠነክር በናፍጣው ውስጥ ያለው ሰም ይረጋና ደህናውን ፊልትሮ ይደፍናል። ወደ ሰሜን ስትወጡ የክረምት ናፍጣ እዚያው አካባቢ ቅዱ፣ ናፍጣው እንዳይረጋ የሚጨመረውን መከላከያም ከመርጋቱ በፊት ጨምሩ፤ ከረጋ በኋላ የሚጨመረው ያን ያህል አይሠራም።

ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ጋቢና ውስጥ አንድ የውሃ መለያ ፊልትሮ፣ ኦሪንጎች፣ አራት አምስት የመዳብ ሮንዴላ፣ የፊልትሮ መፍቻና ንጹሕ ጨርቅ ይኑር። ፊልትሮው ፋብሪካው ባሸገው ፕላስቲክ እንዳለ ይቀመጥ፤ ተከፍቶ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ወር የከረመ ፊልትሮ በንጹሑ በኩል አቧራ ጠጥቷል፣ እሱን ከማሰር አሮጌውን ይዞ ቀጣዩ ከተማ መድረስ ይሻላል።